ከፊት ያላየችው አዳራሽ

አሥራ ዘጠነኛው በር ከመሃሉ ተሰንጥቆ ግራና ቀኝ ሸሸ፤ ከኋላው ሃያኛው ብቅ አለ። የተሣሉበት በማዕበል ላይ የሚበርሩ ነጫጭ ወፎች ናቸው። ሕዝቡ ባንድ አፍ "ይኸው መጡ!" ብሎ ጮኸ። ወፎቹን የማያውቅ የለም፤ አያቶቻቸውም ያውቋቸው ነበር፤ ያም ሆኖ በየመከሩ ልክ እንደ አዲስ ይጮኽላቸዋል። ዛሬ ግን ጩኸቱ ከወትሮው ረዘመ።

ቺሴ ከሴቶቹ መካከል እንደተንበረከከች አንድ ተጨማሪ ጣት አጠፈች። አራት በሮች ቀርተዋል፤ ከዚያ የእሷ ይመጣሉ። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ባለ ሦስት ደርቡን የምግብ ሣጥን ከፍታ የሩዝ ድቡልቡል ብታቀርብላት፣ ቺሴ እጇ ላይ ይዛው ቀረች እንጂ አልበላችውም። በሌሎቹ ሴቶች ጥፍር ሥር ጨርቅ የሚነክሩበት የኢንዲጎ ሰማያዊ አለ፤ በእሷ ጥፍር ሥር ግን አረንጓዴም፣ ቀይም፣ ነጭም ነበረበት።

መድረኩ በመንደሩ አምላክ ግቢ ውስጥ፣ ከአምላኩ ደጃፍ ትይዩ የቆመ የሣር ክዳን ቤት ነው። ጠዋት የአሻንጉሊቶቹ ጨዋታ ነበር፤ ከባሕር ማዶ ካለች ደሴት የመጡት ተጫዋቾች አንዱን አሻንጉሊት ለሦስት ይዘው ሲያስለቅሱት፣ መንደሩም አብሮ ሲያለቅስ ረፈደ። አሁን አሻንጉሊቶቹ በቀርከሃ ላይ ተሰቅለው ያርፋሉ። ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት ሰውም አሻንጉሊትም የለበትም፤ በር ብቻ ነው። ሁለት ሰው በሚሸከመው የእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ሥዕል፤ ሁለት ሁለት በር አንድ ሥዕል ይሆናል። በጎን ከፍ ብላ የተቀመጠችው ሴት የሻሚሴኗን፣ የክራር መሰል መሣሪያዋን፣ ሦስት ክሮች ስትመታ፣ ከኋላ ሁለት እንጨቶች ቀጭ ይላሉ፤ ሥዕሉ ከመሃሉ ይከፈታል። ከኋላው ሌላ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላ። ሠላሳ ሁለት ነው። ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ፣ ሲገባ፣ ሲገባ ውሎ መጨረሻው እንደማይደርስለት ዓይነት ነው።

ይህ ሁሉ የዛሬን ብቻ ነው። አዲሱ ዘመን ከገባ ስድስተኛው ዓመት ነበር፤ ከአውራጃው በመጣ ደብዳቤ መድረኩ ፈርሶ እንጨቱ ለልጆች ትምህርት ቤት እንዲውል ተወስኗል። የመንደሩ ሹም ስንት ደጅ ጠንተው ለአንድ ቀን አስፈቀዱ፤ እሱም ፀሐይ እስክትጠልቅ። ፈቃዱ እንዳይጣስ የሚጠብቅ ጸሐፊም ተልኳል፤ ጥቁር ኮትና የቆዳ ቦት ጫማ ያደረገ ወጣት ከሰሌኑ ዳር ቆሞ የኪስ ሰዓቱን ያወጣል፣ ያስገባል። በሮቹ ደግሞ ለወረቀቱ መግዣ ላዋጡት ቤቶች ይታደላሉ። ከነገ ጀምሮ ማዕበሉ በአንዱ ማድቤት፣ ወፎቹ በሌላው መኝታ ቤት ይሆናሉ፤ ጭስ ያጠቁራቸዋል፣ ልጆች በጣታቸው ይበሷቸዋል። ሁለተኛ አብረው አይቆሙም።

ከሠላሳ ሁለቱ ሃያ አራቱ የጥንት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ግን አዲስ ናቸው፤ የቺሴ አባት ሠዓሊው ኩሄይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጀመሯቸው። በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ከቅርብ እምቢ አላቸው። ከተራራው ጫፍ የቆመውን ጭልፊት ያያሉ፤ እጃቸው ላይ ያለውን ብሩሽ አያዩም። ከኦሳካ መነጽር ቢመጣላቸውም አልረዳቸውም፤ ወይም አልረዳኝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ብሩሹን የያዘችው ቺሴ ናት። መንደሩ ቀለም የምትፈጭላቸው ይመስለዋል። በሮቹ በሚቀመጡበት ጠባብ መጋዘን ወለል ላይ አንዱን በር አስተኝታ ትሥላለች፤ እሳቸው ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፈው ያዝዛሉ። "አረንጓዴው በዛ። ነጩ ሳሳ። ሙጫው ቀዝቅዞብሻል፤ ሽታው ይናገራል።" በስድስት ዓመት አንድ ቀን "ጎሽ" ብለዋት አያውቁም። ቺሴም ዛሬ ለራሷ አይታ ልትፈርድ ነበር የመጣችው።

ምክንያቱም እሷም አላየችውም። አዲስ በር ሲሠራ ከአምላኩ በፊት ማንም ከፊት አያየውም፤ የመንደሩ ሕግ ነው። በር የሚስቡት ወንዶች የሚለማመዱት ከኋላ፣ በሙዚቃውና በቁጥሩ ብቻ ነው። ሴት ደግሞ ከመድረኩ ሳንቃ ላይ እግሯን አታሳርፍም። ስለዚህ ቺሴ የምታውቀው ቁርጥራጭ ነው፤ ዛሬ አንድ ምሰሶ፣ ነገ አንድ ሰሌን። የመጨረሻው ሥዕል አንድ ሺህ ሰሌን የተነጠፈበት አዳራሽ ነው፤ ሺውንም አንድ በአንድ ቆጥራ ሥላቸዋለች፣ የቅርቡን እንደ ክንድ፣ የሩቁን እንደ ሩዝ ፍሬ። አብረው ሲቆሙ ምን እንደሚሆኑ ግን የሚያውቅ የለም።

ሃያ አራተኛው ተከፈተ።

ሃያ አምስተኛው ብቅ ሲል ቺሴ የያዘችው ሩዝ ከእጇ ወደቀ።

በመሃል ከጥቁር ድንጋይ ላይ የሚወርድ ፏፏቴ መሆን ነበረበት። እሷ የሣለችው እንደዚያ ነው፤ የፏፏቴው ግማሽ በአንዱ በር፣ ግማሹ በሌላው። አሁን ግን ውሃው በግራና በቀኝ ዳር ለየብቻው ይወርዳል፤ ድንጋዩ በመሃል ደርቆ ቆሟል።

"ሁለት ፏፏቴ!" አለች ከፊቷ የተቀመጠች አሮጊት እጇን እያጨበጨበች።

"እኔን የገረመኝስ ከመሃል ያለው ድንጋይ ነው" አለች ጎረቤቷ። "ምንድነው እሱ? ድብ ነው?"

"ድብ ከውሃ መሃል ምን ይሠራል?"

"አዲስ ዘመን ነው እኮ እናንተ። ድቡም ይታጠባል።"

ቺሴ አልሳቀችም። በበሮቹ ጀርባ ላይ "ግራ"፣ "ቀኝ" ብሎ ከነቁጥሩ መጻፍ የመምህሩ ክብር ነው፤ ኩሄይ ብሩሹን ሲያስረክቡ ይህቺን አንዷን ሥራ አላስረከቡም። ከሦስት ቀን በፊት መጋዘን ገብተው በሩን ዘጉ፤ በዳበሳ ጻፉ። በሮቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመው ነበር። እሳቸውም ከጀርባ እንደቆሙ፣ በቀኝ እጃቸው በኩል ያለውን "ቀኝ"፣ በግራ ያለውን "ግራ" ብለው ሄዱ። በመድረክ ግራና ቀኝ የሚባለው ግን ከተመልካቹ በኩል ሲታይ ነው፤ ከጀርባ ቀኝ የሆነው ከፊት ግራ ነው። ዕድሜ ልኩን ከመድረክ ኋላ የኖረ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነው። ከኋላ ያሉት ወንዶችም አያዩትም፤ ለእነሱ ጽሑፉ ልክ ነው።

ስለዚህ ስምንቱም ተገልብጠዋል። የፏፏቴውስ ይሁን፣ መንደሩ ድብ አድርጎታል። የአዳራሹ ግን ይሁን የሚባል አይደለም። ምሰሶዎቹ፣ ጣሪያው፣ ሺው ሰሌን፣ ሁሉም ወደ አንዲት የመሃል ነጥብ እያነሱ የሚሮጡ ናቸው። ግራና ቀኙ ከተለዋወጠ ወደየጥጉ ይሮጣሉ፤ በመሃል ሁለት የግድግዳ ጫፎች ይገጫጫሉ። አዳራሽ አይኖርም።

ቀና ብላ ፀሐይን ፈለገች። ከመድረኩ ኋላ፣ ከምዕራቡ ሸንተረር በላይ ሦስት ጣት ያህል ቀርቷታል። የአባቷ ዕቅድ የመጨረሻው በር ሲገለጥ የመድረኩን የኋላ ሳንቃዎች ጥሎ የምታዘቀዝቀውን ፀሐይ ማስገባት ነበር። ሸንተረሩ ከቀደመ እሱም የለም።

ቁጭ ብትል አዳራሹ ተሰብሮ ታየዋለች። ተነሥታ ብትሄድ ምናልባት ሌላው ሕዝብ ያየዋል፤ እሷ ግን ከኋላ ትሆናለች፣ ከፊት የምታይበት ሌላ ቀን የለም። ደግሞስ ሄዳ ምን ልትል ነው? ያን ኩሩ ሽማግሌ አሥራ አራት ወንዶች እየሰሙ "ተሳስተዋል" ልትል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ ልታየው ፈልጋ ነበር፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ተነሣች።

መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ሻሚሴን የምትመታው ሴት ወደተቀመጠችበት ከፍታ ሮጠች። ቶዮ ትባላለች፤ ምላሷ ከክሯ የማይተናነስ፣ ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ በዕድሜም በሙያም የበለጠች ናት። ቺሴ ተውሳ የሰነጠቀችባትን የሩዝ መቀቀያ ምክንያት አድርገው ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። ቺሴ የልብሷን ጫፍ ሳብ አደረገች።

ቶዮ ዞር አላለችም፤ እጇም አላቋረጠም። "እኔና አንቺ መነጋገር ጀመርን እንዴ?" አለች በጥርሷ መካከል።

"እትዬ ቶዮ፣ በፈጠረሽ፣ ያዢልኝ! ሃያ አምስተኛው ላይ ያዢልኝ።"

"ምኑን ነው የምይዘው?"

"ዜማውን። እየደጋገምሽ። በሩ እንዳይከፈት።"

"ምን ሆነ?"

"ተገላብጧል። ሁሉም።"

የቶዮ እጅ ለአፍታ ከክሩ በላይ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ የመጨረሻውን ስንኝ እንደገና ከመጀመሪያው አነሣችው። "እኔም ድቡ አልጣመኝም ነበር" አለች። "እስከ መቼ?"

"እንጨቱ እስኪጮህ።"

"ፀሐይዋ ተራራው አፍ ደርሳለች፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ!"

"እንግዲያው እዚህ ምን ይገትርሻል? ሂጂ!"

ቺሴ በመድረኩ ጎን ዞረች። ኋላ ያለው መሬት ላይ፣ ከሳንቃዎቹ ስንጥቅ አጠገብ ቆማ አፏን አስጠጋች። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ወንዶቹ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ሰባት በዚህ ሰባት በዚያ ተንበርክከዋል። አባቷ በመሃል፣ ሁለቱን እንጨቶች በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ወደ ሙዚቃው አዘንብለዋል።

"ምን ነክቷት ነው የምትደጋግመው?" ይላሉ በሹክሹክታ። "ሞኝ ሴት። ስንኙ ጠፋባት።"

"አባባ" አለች ቺሴ።

አንገታቸውን ወደ ስንጥቁ መለሱ። ድምፅዋን አውቀዋል።

"አባባ፣ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ፏፏቴው ለሁለት ተከፍሎ ቆሟል። ከዚህ ወዲያ ያሉትም እንደዚያው ናቸው።"

"ማን ቀየረው?" ድምፃቸው እንደ ቢላ ነበር። "ማነው በሬን የነካ?"

ወንዶቹ ተያዩ። ቺሴ ግንባሯን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ከወንዶቹ አንዱ ነው፣ እኔ ነኝ፣ አይጥ ነው። አፏ ላይ የመጣላት ግን እውነቱ ነው።

"ከጀርባ ቆመው ነው የጻፉት፣ አባባ።"

ከወዲያ ማዶ ሻሚሴኗ ያንኑ ስንኝ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች። ኩሄይ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፣ አዩት፣ ወይም ሊያዩት ሞከሩ፤ ከዚያ ግራቸውን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በልባቸው መጋዘኑን ዞረው ከበሮቹ ፊት ሲቆሙ ቺሴ አብራቸው የዞረች ያህል ታወቃት።

"አዎ" አሉ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጣ ስትጠብቅ፣ "ውጪ!" አሏት።

"ወዴት?"

"እዚህ ነዋ! ወደ ላይ ውጪ። ከኋላ ጀምራችሁ አውጧቸው፣ መጀመሪያ ሠላሳ ሁለተኛውን። ከፍ አድርጎ ከታችኛው ቦይ መንቀል ነው፤ ቤታችሁ ያለውን በር ነቅላችሁ አታውቁም? የትኛው የት እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ናት።"

"ሴት ናት እኮ፣ ጌታው" አለ ታመዞ። የቺሴ ሟች ባል ወንድም ነው፤ ጎሽ የሚያክል ሰውነት ያለው፣ ከአምላክና ከንብ በቀር የሚፈራው የለም። "ሳንቃው ላይ ሴት ወጥታ አምላኩ ቢቆጣስ?"

"ጽሑፉን ያበላሸው ወንድ ነው።"

"እሱስ ልክ ነው፤ ግን…"

"አምላኩ ከፊት ነው ያለው፣ ታመዞ። ከኋላ ምን እንደምንሠራ በመቶ ዓመት አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። እጇን ሳብ!"

ታመዞ እጇን ሳበ። ቺሴ ሳንቃው ላይ ወጣች፤ እንጨቱ ከብዙ ሰዎች ጉልበት የተነሣ ልሙጥና ሞቃት ነበር። አባቷ ሁለቱን እንጨቶች አቀበሏትና ምርኩዛቸውን ፈለጉ።

"እርስዎስ?"

"እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ? ከቅርብ ዕውር ነኝ" አሉ። "ቦታሽ የት ነው?"

"ከሴቶቹ ጋር፣ ሦስተኛው ረድፍ። የሰሌኑ ጫፍ ላይ ሩዝ ወድቋል።"

ምርኩዛቸውን እየወጉ ወረዱ። ቺሴ የጀርባቸውን መጉበጥ አየች፤ ሌላ ልታይ ጊዜ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታመዞ ሲያወራው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። በእውነቱ ቶዮ አንዱን ስንኝ ዘጠኝ ጊዜ እስክትመታው ድረስ ብቻ ነው የፈጀው። አሥራ አራት በሮች ከቦያቸው ተነቀሉ። ኮሽ እንዳይል ባዶ እግራቸውን፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተሸከሟቸው። "ይህ ወደዚያ። ይህ ወደዚህ። አይ፣ በሌላው ፊቱ!" ቺሴ በሹክሹክታና በጣቷ ታዛለች። በጀርባቸው ያለውን የአባቷን ጽሑፍ ማየት አላስፈለጋትም፤ የየክፈፉን ጠባሳ በእጇ ታውቀዋለች። ሁለት ወንዶች ተጋጭተው አንዱ የሌላውን ጣት ረገጠ፤ የተረገጠው አፉን በገዛ እጁ አፈነ። ከፊት በኩል ሕዝቡ መንጫጫት ጀምሯል። አንድ ልጅ "ድቡ መቼ ነው የሚሄደው?" ሲል ተሰማ።

ፀሐይዋ ከሸንተረሩ አንድ ጣት ስትቀራት ቺሴ እንጨቶቹን አጋጨች። ቀጭ።

ቶዮ ስትጠብቅ ኖሮ ዜማውን እንደ ጎርፍ ለቀቀችው። ሃያ አምስተኛው ተከፍቶ ሃያ ስድስተኛው ብቅ አለ። ከኋላ ለሚያይ የሚታየው የወረቀት ጀርባ፣ የእንጨት መረብና የተሳሳተ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቺሴ የምታየው በጆሮዋ ነበር። ሃያ ስድስት፦ ጩኸት፣ ሳቅ። ሃያ ሰባት፦ ጩኸት። ሃያ ስምንት ላይ ሳቁ ቀረ። ሃያ ዘጠኝ ላይ ሰዎች እርስ በርስ "እሽ!" ሲባባሉ ሰማች። ሠላሳኛው ብቅ ሲል "ኧረ…" የሚል አንድ ድምፅ ብቻ መጣ፤ የጨረሰው ግን የለም። ሠላሳ አንደኛው ብቅ ሲል ምንም አልተሰማም።

"ሳንቃውን!" አለች።

ታመዞና ሌሎቹ የኋላውን ሳንቃዎች መወርወሪያ ነቀሉ። ግድግዳው እንዳለ ወደ ውጭ ተኛ። ፀሐይ ገባች፤ አግድም፣ ከተራራው ጥርስ መካከል፣ ቀይ ወርቅ ሆና ወገባቸውን መታቻቸው። ቺሴ ጥላዋን ስታይ ደነገጠች፤ ከወረቀቱ ላይ እንደ ጥቁር ዛፍ ቆሟል። የአሥራ አራቱም ቆሟል።

"ተኙ! ሁላችሁም በሆዳችሁ ተኙ!"

ወደቁ። እሷም ጉንጯን ሳንቃው ላይ ለጥፋ ተኛች። ብርሃኑ ከላያቸው አለፈ። በሁለት ጎን የተኙት ሁለት ወንዶች እጃቸውን ብቻ ዘርግተው ሠላሳ አንደኛውን ወደየጥጉ አንሸራተቱት፤ ቀጭ ያለው እንጨት የቺሴ የመጨረሻ ሥራ ነበር።

ሻሚሴኗ ቆመች። መቆም አልነበረባትም፤ መዝጊያው ዜማ ገና ነው። ቶዮ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዜማ አቋርጣ አታውቅም።

ቺሴ ተኝታ አዳመጠች። ከሦስት መቶ ሰው የሚበልጥ ከዚያ ወዲያ አለ፤ ሕፃናት አሉ፣ የሰከሩ አሉ፣ ዝም ማለት ያልፈጠረባቸው ሴቶች አሉ። ድምፅ የለም። የሚሰማው የሚንሻሻ ነገር ብቻ ነበር፣ ብዙ ሰው ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ይመስል፤ ምን እንደሆነ አልገባትም። እንባዋ ሳንቃው ላይ ይወርድ ጀመር። ስለ ምን እንደምታለቅስ አታውቅም ነበር፤ ስላላየችው ይሁን፣ ሌላው ስላየው።

ፀሐይዋ ስትሄድ ለሁሉም ታወቀ። ብርሃኑ ከወንዶቹ ጀርባ ላይ ተነሥቶ ወደ ሣር ክዳኑ ወጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ያኔ ከፊት ሁለት ጭብጨባ ተሰማ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአምላክ ፊት እንደሚያጨበጭቡት። አምላኩ ግን ከጀርባቸው ነበር።

አባቷ ሲመለሱ ወንዶቹ መንገድ ለቀቁ። ኩሄይ ወደ ሳንቃው አልወጡም፤ ሳንቃው ዳር እግሯን አንጠልጥላ ከተቀመጠችው ልጃቸው ፊት ቆመው ምርኩዛቸውን ተደገፉ። ፊቷን ለማየት ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ራቅ አሉ።

"እንዴት ነበር?" አለች።

"ልንገርሽ" አሉ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ተቀምጣ ስታዳምጣቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"መጀመሪያ ሥዕል መሆኑን አላወቅሁም። ወለሉ ከጉልበቴ ሥር ጀመረ። የመጀመሪያው ሰሌን እንዲህ ቅርብ ነበር፤ ምርኩዜ እንዳያቆሽሸው ሳብሁት። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ መቶኛው። እየሄድኩ ነበር፣ ቺሴ። ተቀምጬ እየሄድኩ። ምሰሶ አለፍኩ፤ ሌላ ምሰሶ አለፍኩ። ጣሪያው እየራቀ ዝቅ ይላል፤ የሚነካኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበርኩ። ከኋላ የቆሙት ሰዎች ጫማቸውን አወለቁ።"

"ምን?"

"የገለባ ጫማቸውን። ሁሉም። ሰው ቤት ሊገቡ መስሏቸው ነው። ያ ቦት ጫማ ያደረገው ጸሐፊ እንኳ አንድ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ማሰሪያውን ሲፈታ አየሁት፤ ቋጠሮው እምቢ አለው።"

የሚንሻሻው እሱ ነበር። ቺሴ አፏን በእጇ ያዘች።

"ከመጨረሻው ጥግ ወርቅ ቀቢ ብዬሽ ነበር" አሉ ኩሄይ።

ራሷን አቀረቀረች። "ወርቁ አልቆ ነበር፣ አባባ። ባዶ ወረቀት ተውኩት። ልነግርዎ ፈራሁ።"

"ፀሐይ ገባችበት። ከሺህ ሰሌን ማዶ አንዲት በር ተከፈተች፤ ከዚያ ማዶ ምን እንዳለ አላውቅም። በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ዕድሜዬን በር ስሠራ ኖሬ ከዚያች በር ማዶ ያለውን አላውቅም።" ድምፃቸው ተሰበረ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም። "እኔ እንደዚያ አላዘዝኩሽም። እኔ አዝዤሽ ቢሆን ወርቅ ሆኖ ይቀር ነበር።"

ከወንዶቹ መካከል አፍንጫውን የጠረገ ነበር፤ ታመዞ ነው፣ ኋላ ግን ካደ።

ሳይጨልም በሮቹን ማደል ተጀመረ፤ ጸሐፊው አንዱን ቦት ጫማ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ያያል፣ ሰዓቱን ረስቶታል። የአዳራሹ ግራ በር ለታመዞ ቤት፣ ቀኙ ለቶዮ ቤት ደረሰ። ቶዮ መጥታ በሩን ከላይ እስከ ታች ከመረመረችው በኋላ ወደ ቺሴ ዞረች፦ "ይህን እንደ መቀቀያዬ ብትሰነጥቂው ውርድ ከራሴ።" ሦስት ዓመት የፈጀው ኩርፊያ በዚህ አለቀ።

"ቆይ፣ አታንሡት" አሉ ኩሄይ። "ስም አልተጻፈበትም። ቀለም አምጡ።"

የሠዓሊው ስም ከመጨረሻው በር የታችኛው ጥግ ይጻፋል፤ ቦታው ክፍት ተትቶ ነበር። ቺሴ ብሩሹን ነክራ ተንበረከከች፤ አሳምራ፣ ከላይ ወደ ታች ጻፈችና ብድግ አለች።

"ቅርብ አይታየኝም" አሉ ሽማግሌው። "ታመዞ፣ እስቲ ራቅ አድርገህ ያዝልኝ። ራቅ። ገና ነህ። እዚያ ጋ።"

ታመዞ በሩን ተሸክሞ አሥር እርምጃ ያህል ሄደ። ኩሄይ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አነበቡ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው።

"'ኩሄይ' ይላል።" ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ መቱ። "ዛሬ ሁለት ስህተት ታየ። አንዱን እኔ ጻፍኩት፣ ሁለተኛውን አንቺ። የእኔን አርመሽልኛል፤ ያንቺን ማን ያርመው?"

"አባባ፣ ቀለም አይለቅም።"

"አይልቀቅ። ከጎኑ ቦታ አለ።"

ታመዞ በሩን መልሶ አመጣው። ቺሴ ብሩሹን እንደገና ነከረች፤ አሁን የመጀመሪያው ጭረት ትንሽ ተጣመመ። ስትጨርስ ታመዞ ሳይታዘዝ በሩን አንሥቶ ወደ ኋላ ይቆጥር ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥር ላይ ሲደርስ ቆመ። ኩሄይ ጎንበስ ብለው የገለባ ጫማቸውን አወለቁ፤ በቀዝቃዛው መሬት ላይ በባዶ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙና፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ የልጃቸውን ስም አነበቡ።